ካሳው ማን ኪስ ገባ? ስለ ጥንታዊት እንግሊዝ ወንጀልና ቅጣት የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር የከረመ አንድ ጽሑፍ እኔም ዘንድ ደርሶ አነበብሁት። ነገሩ ባጭሩ ይህ ነው፦ ሕግ ወደ እንግሊዝ የገባው በ1066 ከሰሜን ፈረንሳይ በመጡት በኖርማኖች መርከብ ተጭኖ ነው። ከዚያ በፊት የነበሩት አንግሎ ሳክሰኖች ደም የሚመላለሱ፣ ገንዘብ ያለው ገድሎ ከፍሎ የሚሄድባቸው፣ የሌለው የጋለ ብረት እንዲጨብጥ የሚፈረድበት፣ ማስረጃ የሚባል ነገር የማያውቁ ሰዎች ነበሩ። ድል አድራጊው ዊልያም መጣና ሥርዓት አስያዛቸው፤ የሞት ቅጣትን አስቀረ፤ ሁሉንም በአንድ ሕግ ፊት እኩል አቆመ። ጽሑፉ ሊያበቃ ሲል ወደ እኛ ዞር ይልና የሽማግሌ ዕርቅም ሆነ የደም ካሳ የኋላ ቀርነት ርዝራዥ መሆናቸውን ከእንግሊዞች እንድንማር ይመክራል።

ጸሐፊውን በአካል አላውቃቸውም። አማርኛቸው ያምራል፣ አንባቢያቸውም ብዙ ነው፤ ዝም ብዬ ማለፍ ያቃተኝም ለዚሁ ነው። እንግዲህ ባቀረቡት ቅደም ተከተል ነጥብ በነጥብ ልከተላቸው። ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

"ከኖርማኖች በፊት የተጻፈ ሕግ አልነበረም" የሚለው የመጀመሪያው ነጥብ ብዙ አያደክምም። በደቡብ ምሥራቅ የምትገኘው የኬንት ንጉሥ ኤተልበርት ከሮም ከተላኩት መነኮሳት ክርስትናን ተቀብሎ በ600 አካባቢ ሕጉን አስጽፏል፤ ያውም በላቲን ሳይሆን ሕዝቡ በሚናገረው በገዛ ቋንቋው። ዊልያም ከመምጣቱ አራት መቶ ስድሳ ዓመት ገደማ ቀደም ብሎ ማለት ነው። ከኤተልበርት በኋላ የነገሡት ኢኔ፣ አልፍሬድ፣ ኤተልስታን፣ ኤድመንድ፣ ክኑት ሁሉም የየራሳቸውን ጨምረዋል። የሚገርመኝ ጸሐፊው ይህን አጥተውት አለመሆኑ ነው፤ ምክንያቱም ሁለተኛው ነጥባቸው ይህንኑ የኤተልበርትን ሕግ አንስቶ ይስቅበታል። በአንደኛው አንቀጽ የለም ያሉትን ሕግ በሁለተኛው አንቀጽ ያፌዙበታል።

ማፌዙስ ይሁን፤ ሲያዩት በእርግጥ የሥጋ ቤት ዋጋ ዝርዝር ይመስላል። አውራ ጣት የቆረጠ 20 ሺሊንግ ይከፍላል። የአውራ ጣት ጥፍር ብቻ ከሆነ 3። የመሃል ጣት 4፣ የቀለበት ጣት 6፣ ትንሿ ጣት ግን 11። ዓይን 50፣ እግር 50። ጆሮ ከተቆረጠ 12፤ ሰውዬው በአንዱ ጆሮው መስማት ከተሳነው ግን 25። ከፊት ያሉት አራት ጥርሶች እያንዳንዳቸው 6፣ ከእነሱ ጎን ያለው 4፣ እያለ ወደ ውስጥ ሲገባ ዋጋው ይወርዳል። በቡጢ አፍንጫ የመታ 3 ሺሊንግ።

እኔ ግን የምቆመው ስለ ብልዘት በሚናገረው መስመር ላይ ነው። የበለዘው ገላ ከልብስ ውጭ ከሆነ ካሳው 30 ስኬታ፣ ልብስ የሚሸፍነው ከሆነ 20 ስኬታ ነው፤ አንድ ሺሊንግ በ20 ስኬታ ይመነዘራል። ሕመሙ ያው ነው። የሚለየው ሰውዬው ጠቁሮ ባበጠ ፊት ገበያ መውጣቱ፣ ያየው ሁሉ "ማን ነው እንዲህ ያደረገህ?" ማለቱ ነው። አሥሯ ስኬታ የሐፍረት ካሳ ናት። ይህን ያሰበ ሰው ጥፋት ማለት ሥጋ ብቻ ሳይሆን ስምም እንደሚጎዳ ገብቶታል። ዛሬም የመድን ድርጅት ለተቆረጠች ጣት መቶኛ አስልቶ እንደሚከፍል የሚያውቅ ሰው በዚህ ዝርዝር ብዙ የሚስቅ አይመስለኝም።

"ገንዘብ ያለው ገድሎ ከፍሎ ይሄድ ነበር" ለሚለው አንድ ሒሳብ እንሥራ። በደቡብ ምዕራብ በነበረው በዌሴክስ መንግሥት ሕግ የተራው ነፃ ገበሬ የደም ዋጋ 200 ሺሊንግ ነበር፤ የዌሴክስ ሺሊንግ 5 ፔኒ ስለሆነ 1000 ፔኒ ይመጣል። በኤተልስታን ዘመን የለንደን ሰዎች ለጠፋ ከብት ሲተካኩ ለበሬ የተመኑት 30 ፔኒ ነው። ስለዚህ አንድ ገበሬ የገደለ ሰው የ33 በሬ ዋጋ ይዞ መቅረብ አለበት። ሙሉ ማረሻ በስምንት በሬ ይጎተት በነበረበት አገር አራት ማረሻ ማለት ነው። ይህን ከራሱ በረት አውጥቶ የሚከፍል ገበሬ አልነበረም፤ ዘመድ አዝማድ ያዋጣል። በኤተልበርት ሕግ ደግሞ ከካሳው ሃያው ሺሊንግ መቃብሩ አፉን ሳይዘጋ፣ ቀሪው በ40 ቀን ውስጥ ይከፈላል፤ ገዳዩ ከአገር ከጠፋ ዘመዶቹ ግማሹን ይሸከማሉ። እንዲህ ባለ አገር ውስጥ ጉልበተኛ ልጅ ያለው አባት ልጁን ራሱ ነው የሚጠብቀው፤ እያንዳንዱ ጠብ የበረቱ ጉዳይ ነውና።

ሁሉም ወንጀልም ዋጋ አልነበረውም። በክኑት ሕግ የሰው ቤት ሰብሮ መግባት፣ ቤት ማቃጠል፣ የተረጋገጠ ስርቆት፣ በስውር መግደልና ጌታን መክዳት ካሳ የማይቀበሉ ናቸው። ገድሎ "እኔ ነኝ" ያለና ገድሎ የደበቀ አንድ አልነበሩም።

ጸሐፊው ልክ የሆኑበትን እዚሁ ልናገር። የሰው ዋጋ እኩል አልነበረም፤ የመኳንንቱ 1200 ሺሊንግ፣ ማለትም ስድስት እጥፍ ነበር። ባሪያ ደግሞ የደም ዋጋ የሚባል የለውም፤ ለጌታው እንደ ከብት ይከፈልለታል። መቀጮ መክፈል ያልቻለ ነፃ ሰው ራሱ ባሪያ ይሆን ነበር። በኢኔ ሕግ ባል ቤተሰቡ እያወቀ ከሰረቀ ሁሉም ባርነት ይወርዱ ነበር፤ የአሥር ዓመት ልጅም ተባባሪ ሊባል ይችላል። ይህን የምታደንቅ ነፍስ የለችኝም።

የደም ብቀላውን በሚመለከት ጸሐፊው "ነገሥታቱ ዝም ብለው ያዩ ነበር" ብለዋል። አልፍሬድ ዝም አላለም፤ ደመኛውን በቤቱ ያገኘ ሰው ሰባት ቀን ከቦ ይጠብቅ እንጂ አይዋጋ፣ ሰውዬው መሣሪያውን ካስረከበም 30 ቀን ሳይነካው አቆይቶ ለዘመዶቹ ይላክ ብሎ ደነገገ። ንዴት የሚበርድበት፣ ሽማግሌ የሚደርስበት ጊዜ ነው። የልጅ ልጁ ኤድመንድ ደግሞ ደሙ በገዳዩ ብቻ ይሁን፣ ዘመዶቹ ካላበሉትና ካላስጠለሉት አይነኩ አለ። (ኤድመንድ ራሱ በ946 ፐክልቸርች በሚባል ቦታ ሊዮፋ በሚባል ወንበዴ ተወግቶ ሞተ፤ መጋቢውን ሊያድን ገብቶ ነው ይባላል። ጠብን በሕግ ሊያስቆም የደከመ ንጉሥ በጠብ መሃል መሞቱ ሁልጊዜ ያሳዝነኛል።)

አሁን "ማስረጃ የሚባል ነገር አያውቁም ነበር" ወደሚለው ልምጣ። በ920 አካባቢ ለአልፍሬድ ልጅ ለንጉሥ ኤድዋርድ የተጻፈ አንድ ደብዳቤ እስከ ዛሬ አለ። ደብዳቤውን የጻፈው ትልቅ ሹም ነው፤ የሚጽፈውም ሄልምስታን ስለሚባለው የክርስትና ልጁ ነው። ሄልምስታን ቀበቶ ሰረቀ። በማግስቱ እንደማለት፣ ባላንጣዎቹ ርስቱን ሊነጥቁት ተነሡ፤ ሌባ የተባለ ሰው መሐላው አይታመንምና መሬቴ ነው ብሎ ሊምል አይችልም። ሄልምስታን ወደ ክርስትና አባቱ ሮጠ፤ የክርስትና አባቱም ወደ ንጉሥ አልፍሬድ። ሸንጎ ተሰየመ፤ የመሬቱ ደብዳቤ ቀርቦ ተነበበ፤ መማል የሚገባው ሄልምስታን ነው ተባለ። ተከራካሪው ግን አልዋጥልህ አለው። ሁሉም ተያይዘው ዋርደር በሚባለው ስፍራ ወደ ንጉሡ ገቡ። ንጉሡ በእልፍኙ ቆሞ እጁን እየታጠበ ነበር። ታጥቦ ሲጨርስ ተከራካሪውን "የፈረዱት ምኑ ነው ያልታየህ?" ብሎ ጠየቀው፤ እርሱም ሄልምስታን መሐላውን መፈጸም ከቻለ ከዚህ የበለጠ ትክክል ነገር እንደማይታየው ተናገረ።

ሄልምስታን ማለ፣ መሬቱም ዳነለት። ሰው ግን አመሉን አይተውም፤ ዓመት ተኩል ወይም ሁለት ዓመት ያህል ቆይቶ ፎንትሂል ላይ ጠባቂ የሌላቸው በሬዎች አገኘና ነዳቸው። ዱካ ተከታዩ ደረሰበት። አልሰረቅሁም አለ። ያን ጊዜ ፊቱን አዩት፤ ሲሸሽ እሾህ ቧጭሮት ነበር። ሊክድ ሲል ጭረቱን አነሡበት፤ ደብዳቤው ይህን እንደ ዋዛ በአንድ ዓረፍተ ነገር ያልፈዋል። ዱካ ተከትለው፣ ሰነድ አንብበው፣ የተቧጨረ ፊት እንደ ምስክር ቆጥረው የፈረዱ ሰዎችን "ማስረጃ አያውቁም" ማለት እንዴት ይቻላል? ሄልምስታን ከሕግ ጥበቃ ውጭ ሆነ፤ ንብረቱም ተወረሰ። ታሪኩ በዚህ አያበቃም፦ ወደ ሟቹ አልፍሬድ መቃብር ሄዶ ማኅተም ይዞ ተመለሰ፤ ኤድዋርድም ምሮ መኖሪያ ሰጠው። የክርስትና አባት ያለው ሌባ ምን ጊዜም መንገድ አያጣም።

የጋለ ብረቱን ደግሞ ጸሐፊው እንደ ድንጋጤ ትዕይንት ነው ያቀረቡት፤ "የገባ ሁሉ ተቃጥሎ የወጣ ሁሉ ተሰቅሎ" ይላሉ። በመጀመሪያ ሁሉም ሰው ብረት አይጨብጥም። ስሙ ያልጎደፈ ሰው ይምላል፤ ከእርሱ ጋር አብረው የሚምሉ ጎረቤቶች ያቀርባል፤ በዚያው ነፃ ይወጣል። እግዚአብሔር ይፈርድበታል የሚባለው የጋለ ብረትና የውሃ ፈተና የሚመጣው ቃሉ የማይታመን፣ ደጋግሞ የተከሰሰ፣ ወይም አብሮት የሚምል ሰው ያጣ ሲገኝ ነው።

ሥርዓቱ ራሱ ተጽፎ ቀርቷል። የተከሰሰው ሰው ከሦስት ቀን በፊት ወደ ቄሱ ይሄዳል፤ በነዚያ ቀኖች ዳቦ፣ ጨው፣ ውሃና አትክልት ብቻ ይበላል፤ በየቀኑ ያስቀድሳል። እሳቱ የሚነደው በቤተ ክርስቲያን ውስጥ ነው፤ እሳቱ ከገባ ወዲህ ከቄሱና ከተከሰሰው በቀር ማንም አይገባም። ዘጠኝ ጫማ ርቀት ይለካል፤ መለኪያው የተከሰሰው ሰው የራሱ እግር ነው። ከዚያ ከሁለቱም ወገን እኩል ቁጥር ያላቸው ሰዎች ይገቡና በግራና በቀኝ ይሰለፋሉ፤ ሁሉም የጾሙ፣ በዚያ ሌሊት ከሚስታቸው የተለዩ መሆን አለባቸው። ቄሱ ጠበል ይረጫቸዋል፤ ይቀምሳሉ፤ ወንጌሉንና መስቀሉን ይሳለማሉ። ጸሎቱ ከተጀመረ በኋላ እሳቱን የሚቆሰቁስ የለም። ከዚያ ሰውዬው አንድ ፓውንድ፣ ማለትም ግማሽ ኪሎ የማይሞላ ብረት፣ ክሱ ከባድ ከሆነ ሦስት ፓውንድ ተሸክሞ ዘጠኙን ጫማ ይራመዳል። እጁ ይታሸጋል፤ በሦስተኛው ቀን ይፈታል።

ሲፈታ የሚታየው ተቃጥሏል ወይ አይደለም፤ እሱማ ተቃጥሏል። የሚታየው መግል ቋጥሯል ወይስ ንጹሕ ቁስል ነው የሚለው ነው። ያንን የሚለየው ደግሞ ቄሱ ነው፤ ሰውዬውን ከልጅነቱ የሚያውቀው፣ ሦስት ቀን አብሮት የጾመው። እዚህ ላይ የሰው ፍርድ ምን ያህል ቦታ እንደነበረው አንባቢ ይገምት።

ቁስሉ ንጹሕ ተብለው ነፃ የወጡ ሰዎች እንደነበሩም የምናውቀው ከኖርማን ንጉሥ ብስጭት ነው። የዊልያም ልጅ፣ ሩፉስ የተባለው፣ የንጉሡን አጋዘን ገድላችሁ በላችሁ ብሎ ኀምሳ ያህል የእንግሊዝ ተወላጆችን ያስከስሳል። ብረት ጨበጡ። በሦስተኛው ቀን ሲፈታ የሁሉም እጅ ደህና ነው። የካንተርበሪው መነኩሴ ኤድመር እንደጻፈው ንጉሡ እግዚአብሔር ትክክለኛ ዳኛ ነው ብሎ የሚያምን ይጥፋ ብሎ ተቆጣ፤ ከእንግዲህ ፍርዱን ራሴ እሰጣለሁም አለ። ኖርማኖች ይህን ፈተና አላስቀሩትም፤ አንድ መቶ ኀምሳ ዓመት ተጠቀሙበት። የቀረው ሮም ላይ በ1215 የተሰበሰበው የላተራን ጉባኤ ካህናት እንዳይባርኩት ስለከለከለ ነው። እንዲያውም ኖርማኖቹ በላዩ አንድ ጨመሩበት፦ ከሳሽና ተከሳሽ ተፋልመው ያሸነፈ የሚረታበትን ችሎት። ይህ ከእንግሊዝ ሕግ የተሰረዘው በ1819 ነው፤ የእንፋሎት ሞተር ከመጣ በኋላ!

"ዊልያም የሞት ቅጣትን አስቀረ።" ይህ ዓረፍተ ነገር ግማሹ እውነት ነው፤ ስለዚህም አደገኛ ነው። በዊልያም ስም በቆየው የአሥር አንቀጽ ሕግ ማንም በማንኛውም ጥፋት እንዳይገደል ወይም እንዳይሰቀል ይከለክላል። ጸሐፊው እዚህ ላይ ነጥብ አድርገዋል። ዋናው ጽሑፍ ግን ነጥብ የለውም፤ ይቀጥላል፦ ይልቁንስ ዓይኑ ይውጣ፣ ይሰለብም ይላል። ምሕረት ያሉት ይህንን ነው።

ክልከላውም ለንጉሡ ጉዳይ ሲሆን አልያዘም። ኖርተምብሪያን ይገዛ የነበረው እንግሊዛዊው መስፍን ዋልቴኦፍ በንጉሡ ላይ በተጠነሰሰ ሴራ ተከስሶ በ1076 ዊንቸስተር አጠገብ አንገቱን ተቀላ። በዚያው ሴራ የተባበረው የሄርፎርዱ ሮጀር ኖርማን ስለነበረ በኖርማን ሕግ ታስሮ ቀረ። አንድ ሴራ፣ ሁለት ሕግ፣ አንድ አንገት። በ1087 ንጉሡ ሲሞት የእንግሊዞቹ ዜና መዋዕል ስለ እርሱ ሲጽፍ፣ ወርቅ በጉያው የያዘ ሰው አገሩን ከዳር እዳር ሳይነካ ይሻገር ነበር ብሎ ያመሰግነዋል፤ ጸሐፊው ይህን ጠቅሰዋል። የዚያው ጽሑፍ ሌላው ክፍል ግን ቀርቷል፦ ተባዕትም ሆነ እንስት አጋዘን የገደለ ዓይኑ እንዲጠፋ አዘዘ፤ አጋዘኖቹን አባታቸው እንደሆነ ያህል ይወድዳቸው ነበር ይላል። በሳክሰኖቹ ጊዜ ሰው በገዛ መሬቱ ያድን ነበር። ለአውሬ ሲባል የሰው ዓይን ማውጣት ኖርማኖች ያመጡት አዲስ ነገር ነው፤ ይህንን አልነጥቃቸውም።

ሳክሰኖቹ ጨካኝ አልነበሩም ማለቴ አይደለም። ኤተልስታን ዕድሜው ከ12 ዓመት ያለፈ፣ ከ8 ፔኒ በላይ የሰረቀና እጅ ከፍንጅ የተያዘ ሌባ እንዳይማር አዝዟል። በለንደኖቹ ተመን በግ 5 ፔኒ፣ ዓሣማ 10 ፔኒ ስለነበረች፣ በግ የሰረቀ ልጅ ይተርፋል፣ ዓሣማ የሰረቀ ይሞታል። የሚያስደነግጥ ነው። ግን ያው ንጉሥ በኋላ ስለ ጉዳዩ ተነጋግሮ ለሊቀ ጳጳሱ መልእክት ላከ፦ በየቦታው እንደሚሰማው ይህን ያህል ልጅ የሆነን ሰው፣ ይህን ያህል ለማትረባ ነገር መግደል ጭካኔ ነው፤ ስለዚህ ከ15 ዓመት በታች፣ ከ12 ፔኒ በታች አይገደል። ዓሣማዋም ከሞት መስመር ወጣች። ሕጉን አውጥቶ፣ ያደረገውን አይቶ፣ ራሱ ያሻሻለ ንጉሥ በ930ዎቹ መገኘቱ ከ"አረመኔ" ሥዕል ጋር አይገጥምም። ከኖርማኖቹ በኩል ደግሞ የዊልያም ልጅ ቀዳማዊ ሄንሪ ስቅላትን መለሰው። በ1124 ራልፍ ባሴት የሚባለው የንጉሡ ዳኛ ሌስተርሻየር ውስጥ በአንድ ችሎት 44 ሌቦች ሰቀለ፤ ስድስቱን ደግሞ ዓይናቸውን አጥፍቶ ሰለባቸው። ዜና መዋዕሉ ታማኝ ሰዎች ብዙዎቹ በግፍ ነው የጠፉት ብለዋል ሲል ይጨምራል።

የእኩልነቱ ነጥብ ግን ከሁሉም የባሰ ነው። ኖርማኖቹ ጥቂት፣ አገሩም ጠላት ነበር፤ ጫካ ለጫካ እየታደኑ ይሞቱ ነበር። ዊልያም ምን አደረገ? ኖርማን ከተገደለና ገዳዩ በአምስት ቀን ካልተያዘ የገዳዩ ጌታ 46 ማርክ ብር ይክፈል፤ የጌታው ሀብት ካልበቃ የአካባቢው ሕዝብ በሙሉ ያዋጣ አለ። ሙርድረም ይባላል። አውጫጭኝ ተቀምጦ ሌባው ካልወጣ አገር ሲከፍል የሰማ አንባቢ ነገሩ አዲስ አይሆንበትም፤ የሚለየው ይህኛው ለአንድ ዘር ሟች ብቻ የወጣ መሆኑ ነው። የማርኩ ዋጋ 160 ፔኒ ስለሆነ 7360 ፔኒ ይሆናል፤ በዚያ በቀደመው የበሬ ተመን 245 በሬ። እንግሊዛዊ ሲሞት ይህ የለም። ስለዚህ ሬሳ በተገኘ ቁጥር የመንደሩ ሰው "ሟቹ የእኛው እንግሊዛዊ ነው" ብሎ ለማስመስከር ይሯሯጥ ነበር። ወገኖቹ እስኪቀላቀሉና ማን ኖርማን ማን እንግሊዛዊ እንደሆነ መለየት እስኪያቅት ድረስ ቀጥሎ በ1340 ተሻረ።

ክሱም ላይ ያው ነው። ፈረንሳይኛ ተናጋሪው እንግሊዛዊውን ቢከስ፣ እንግሊዛዊው ከጋለ ብረትና ከፍልሚያ አንዱን ይመርጣል። እንግሊዛዊው ኖርማኑን ቢከስና በብረት ወይም በፍልሚያ ሊያስረዳ ባይፈልግ ግን ኖርማኑ ምሎ ይሄዳል። ይህን "አንድ ሕግ" ያሉት ጸሐፊ ምን እያነበቡ እንደጻፉ ባውቅ ደስ ይለኝ ነበር።

ይኸው ሙርድረም እኔ ልል ወደፈለግሁት ዋና ነገር ያደርሰናል። በቀዳማዊ ሄንሪ ዘመን የተጠናቀረው ሕግ 46ቱን ማርክ ሲያከፋፍል 40ው ለንጉሡ፣ ስድስቱ ለሟች ዘመዶች ይላል። በድሮው ሥርዓት ንጉሡ የራሱን መቀጮ ቢወስድም ትልቁ ገንዘብ ወደተበደለው ቤት ይሄድ ነበር። በ12ኛው መቶ ዘመን እየዋለ እያደረ ከባድ ወንጀል ሁሉ የንጉሡ ጉዳይ ሆነ፤ የወንጀለኛው ከብትና ዕቃ ለንጉሡ፣ መሬቱ ለጌታው፣ ለመበለቲቱ ግን ባዶ እጅ። ኖርማኖቹ ሕግ አልባ አገር ላይ ሕግ አልዘሩም፤ የነበረውን ወንዝ ወደ ራሳቸው እርሻ ቀለበሱት።

የነበረውን እንደያዙት ደግሞ ራሳቸው አልደበቁም። ዊልያም ከወረራው በፊት የነገሠው የሌላው ንጉሥ ኤድዋርድ ሕግ ይጠበቅ ብሏል፤ ሄንሪም በ1100 ሲነግሥ ይህንኑ ቃል ገብቷል፤ የወረዳና የአውራጃ ችሎቶቹ በድሮው ቦታና በድሮው ጊዜ እንዲሰየሙ አዝዟል። በ1070ዎቹ ኬንት ውስጥ ፔኔንደን በሚባል ሜዳ ላይ ሊቀ ጳጳሱ ላንፍራንክ ከንጉሡ ወንድም ከኦዶ ጋር በመሬት ሲሟገት ችሎቱ ሦስት ቀን ፈጀ። ሁለቱም ወገኖች ከባሕር ማዶ የመጡ ናቸው፤ የሚሟገቱት ግን በአገሩ ልማድ ነው፤ ልማዱን ደግሞ አያውቁትም። ስለዚህ ንጉሡ የቀድሞውን የቺቸስተር ጳጳስ ኤተልሪክን አስጠራ። በጣም አርጅቶ ስለነበረ በሠረገላ ጭነው አመጡት፤ የድሮውን የእንግሊዝ ሕግ እንዲያስረዳቸው። ሕግ ይዘው የመጡ ሰዎች ሕግ እንዲነግራቸው ሽማግሌ በሠረገላ ያስጭናሉ?

እስር ቤቱን በአንድ መስመር ልለፈው፤ ጸሐፊውም በአንድ መስመር ነው ያለፉት። "እስርን ኖርማኖች ጀመሩት" ብለዋል፤ አልፍሬድ ቃሉን ያፈረሰ ሰው በንጉሡ ግቢ 40 ቀን እንዲታሰር፣ ዘመዶቹም ስንቅ እንዲያቀርቡለት፣ ዘመድ ከሌለው የንጉሡ ሹም እንዲመግበው ደንግጓል። የኖርማኖቹ ዝነኛ እስረኛ ራኑልፍ ፍላምባርድ ደግሞ ከለንደን ግንብ ለመውጣት ብዙ አልፈጀበትም፤ በ1101 በወይን ማሰሮ ተደብቆ የገባለትን ገመድ አውጥቶ፣ ጠባቂዎቹን አስክሮ በመስኮት ወረደ።

ለኖርማኖቹ የሚገባቸውን ምስጋና ጸሐፊው ረስተውታል፤ እኔ ልስጥላቸው። በ1086 ዊልያም ባስቆጠረው መዝገብ ላይ ከተመዘገበው ሰው አሥር በመቶ ያህሉ ባሪያ ነበር። በ1102 የዌስትሚንስተር ጉባኤ ሰውን እንደ እንስሳ መሸጥ አወገዘ፤ በዚያው መቶ ዘመን ባርነት ከአገሩ እየከሰመ ሄደ። የቅጣት ባርነትም አብሮት ጠፋ። ይህ ትልቅ ነገር ነው።

ሴቶችንም በተመለከተ በዚያኛው ወገን የምከራከርለት የለኝም። በባልዋ ላይ የወሰለተች ሴት አፍንጫዋና ጆሮዋ ይቆረጥ የሚለው የክኑት ሕግ ነው። ከዚያም በፊት ነበረ ማለት ነው፤ ቤዚንግስቶክ አጠገብ በ1960ዎቹ ተቆፍሮ ወጥቶ በ2020 ጥናቱ የታተመ የአንዲት ልጅ ራስ ቅል አለ። ዕድሜዋ ከ15 እስከ 18፣ የኖረችበት ጊዜ ከ776 እስከ 899 ባለው ውስጥ። አፍንጫዋና ከንፈሯ በስለት ተቆርጧል፤ አጥንቱ ላይ የመዳን ምልክት የለም። ምን አደረገች እንደተባለ የተጻፈ ነገር አልተገኘም፤ ያለው ቅሉ ብቻ ነው። ጸሐፊው ሳክሰኖቹን ሊከስሱ ከፈለጉ የጣት ዋጋውን ትተው እዚህ ላይ ይጀምሩ።

ስለ እኛ የሰጡትን ምክር በተመለከተ ረጅም ነገር አልናገርም። የደም ካሳና የሽማግሌ ዕርቅ የራሱ ጣጣ አለው፤ ሴቶችን ከሸንጎ ያርቃል፣ ድሀ ዘመድ ያለውን ይጎዳል፤ በዚህ ሊተች ይችላል፣ ይገባልም። ግን "እንግሊዞች ይህን ጥለው ነው የሠለጠኑት" ብሎ መከራከር ታሪኩን አይመስልም። ካሳውን የጣለው ሥልጣኔ አልነበረም፤ የንጉሡ ግምጃ ቤት ነበር።

አንድ ነገር ላክል። የኤተልበርት ሕግ ዛሬ በእጃችን ያለው በአንድ ቅጂ ብቻ ነው። ያንን ያስገለበጠው ሳክሰን አይደለም፤ ከፈረንሳይ የመጣው የሮቸስተሩ ጳጳስ ኤርኑልፍ ነው፤ ጊዜውም 1120ዎቹ። መጽሐፉ ሲከፈት መጀመሪያ የሚገኘው የኤተልበርት የጣትና የጥርስ ተመን ነው፤ ወደ ውስጥ ሲገለጥ የዊልያም አንቀጾች፣ ቀጥሎ የሄንሪ የንግሥ ቃል ኪዳን ይመጣል። በአሥራ ስምንተኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ በጀልባ ሲጓጓዝ ውሃ ውስጥ ወድቆ ተርፏል፤ የእርጥበቱ ምልክት እስከ ዛሬ በገጾቹ ዳርቻ ላይ ይታያል።